ምዕራፍ 6፦ ምርመራው በመድን፣ መነጽሩ በኪስ

ሽሮ ሜዳን በታክሲ የሚያልፍ ሰው የሚያየው በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ የሚወዛወዘውን የሐበሻ ቀሚስ ነው። ቀሚሱ የተሸመነበትን ጉድጓድ ለማየት ከአስፋልቱ ወርዶ፣ በጠባቡ ኮረኮንች ገባ ብሎ፣ በር ላይ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ፣ ድሩን ፊቱ ዘርግቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ ይውላል። የነጠላውን መሐል እጁ ስለሚያውቀው ወሬ እያወራም ይሠራዋል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ወሬው ይቆማል፤ ክር መቁጠር መጣ። አንድ ክር ከተዘለለ ጥበቡ ይንጋደዳል፣ ነጋዴዋም ትመልሰዋለች።

የጎረቤቴ የጋሼ ነገር የጀመረው ጥለቱ ላይ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፣ ለእኛም ይበቃናል። ዕድሜያቸው ሃምሳን ተሻግሯል። ከጋሞ ደጋ ተነሥተው ሽሮ ሜዳ ሲገቡ ገና ልጅ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያውቁት እንጀራ ይኸው ሸማ ነው። አንድ ቀን ማለዳ በር ላይ አገኙኝና በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ ከኪሳቸው አወጡ።

«ልጄ፣ ክሩ እየተጨማለቀብኝ ነው። ቀን ብርሃን ላይ ቸግሮኝ አያውቅም፣ መሸት ሲል ግን አንዱ ክር ሁለት ይሆንብኛል። አንተ የምታነብ ሰው ነህ። እቺን የሚቀበል የዓይን ሐኪም ፈልግልኝ።»

«እቺ» ያሏት የጤና መድን መታወቂያቸው ናት። አንድ የክሊኒክ ስም ነግሬያቸው የምገላገል መስሎኝ «እሺ ጋሼ» አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ጥያቄው ራሱ የተጣመመ መሆኑ ገባኝ። ጥመቱ የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው።

መጀመሪያ መታወቂያዋን እንያት። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚባለው ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረ ነው። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። አዲስ አበባ የገባው ዘግይቶ ነው፤ እሱም በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ ነው ወደ ሌሎቹ የሰፋው። አሠራሩ አንድ ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ በውሉ ውስጥ ባሉ የሕክምና ተቋማት በነፃ እንዲታከም ነው። መክፈል ለማይችለው ድሃ መንግሥት ይከፍልለታል። የሰፈር ቀስቃሾች ነገሩን በእድር ይመስሉታል፤ እድር ሲሞቱ፣ መድን ሲታመሙ ይላሉ። ምሳሌው ባይከፋም አንድ ነገር ይደብቃል። እድርተኛ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን በዓይኑ ያያቸዋል፣ ቆጥሮ ያውቃቸዋል። መድን ውስጥ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ቆጥሮ የሚያውቅ አባል ግን እኔ እስካሁን አልገጠመኝም።

ይህ መድን የታሰበው ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው፤ ለሸማኔው፣ ለቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ፣ ለጉልት ቸርቻሪዋ፣ ለቀን ሠራተኛው። ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው የተለየ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 690/2002 ማኅበራዊ ጤና መድን የሚባለውን ቢደነግግም ነገሩ ለዓመታት በወረቀት ላይ ቆይቷል። በዚህ ምክንያት የጉለሌ መምህር ልጁን ከኪሱ ከፍሎ ሲያሳክም ጎረቤቱ ሸማኔ በመታወቂያ ይታከማል። በሌላው ነገር ሁሉ ተቃራኒውን ለለመደ ሰው ይህ ሊያስገርመው ይችላል።

አሁን ወደ ጥመቱ እንምጣ። «መድን የሚቀበል ሐኪም» የሚለው አነጋገር ከባሕር ማዶ ዘመዶቻችን በስልክ የመጣ ይመስለኛል። አሜሪካ ያለ ሰው የመድን ድርጅቱን ዝርዝር ከፍቶ፣ በሰፈሩ ያሉትን ሐኪሞች አይቶ፣ አንዱን መርጦ ይደውላል። የእኛ መታወቂያ እንዲህ አይደለችም። ውሏ ከሐኪም ጋር ሳይሆን ከደረጃ ጋር ነው። የመጀመሪያው ደረጃ የወረዳህ ጤና ጣቢያ ነው፤ ጤና ጣቢያው ካልቻለ ወደ ሆስፒታል ይጽፋል፤ ሆስፒታሉ ካልቻለ ደግሞ ከፍ ወዳለው። ይቺን ጽሑፍ ሁላችንም «ሪፈር» እንላታለን። ያለ ሪፈር በቀጥታ የሄደ ሰው መድኑ ሙሉውን አይከፍልለትም። በየዋናው መንገድ ዳር የምናያቸው የግል የዓይን ክሊኒኮች ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ወረፋቸውም አጭር ነው፤ ነገር ግን የጋሼ መታወቂያ እዚያ አትሠራም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የዓይን ሐኪሙ የት ነው?» ሳይሆን «ሪፈሩን የሚጽፍልኝ ማን ነው? ምን ብዬው ይጻፍልኝ?» ነው። ሁለተኛው ግማሽ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ጋሼን ሁለት ወር ያመላለሳቸው ግን እሱ ነው።

ተራቸውን ጠብቀው፣ «በመድን ነው ወይስ በክፍያ?» የምትለውን መስኮት አልፈው፣ ተመላላሽ ክፍል ገቡ። የየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ የትም ይሆናል። ወጣቷ ባለሙያ ምን እንዳመማቸው ጠየቀቻቸው። «ዓይኔን» አሉ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አሳየቻቸው፤ ጥርሱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ጎን የሚዞር ሹካ የሚመስለውን። ማንበብ የማይችል ሰውም በጣቱ አቅጣጫውን ስለሚያሳይ ጥሩ መሣሪያ ነው። ስድስት ሜትር ርቀው ቆሙ፣ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፣ ከላይ እስከ ታች አንድም ሳይስቱ አሳዩ። ልጅቷ ሳቀች፦ «ጋሼ፣ ዓይንዎ ከእኔ ይሻላል!» ቅባት ተጻፈላቸውና ወጡ።

ልጅቷ አልዋሸችም። ሰሌዳው የሚለካው የሩቅ ዕይታን ነው፣ የጋሼ የሩቅ ዕይታ ደግሞ እውነትም ደህና ነው። እንጦጦ ላይ የሚወርደውን አህያ ከነጭነቱ ቆጥረው ይነግሩሃል። የጠፋባቸው ክንድ ያህል ርቀት ላይ ያለው ክር ነው። ዓይናችን ውስጥ፣ ከብሌኑ ኋላ፣ ጥርት ያለች ሌንስ አለች። ሩቅ ስናይ ትሳሳለች፣ ቅርብ ስናይ ጎበጥ ትላለች። በልጅነት እንደ ጄሊ ልስልስ ናት፤ ዕድሜ ሲገፋ እየደረቀች ትሄድና ወደ አርባ ዓመት ገደማ መጎበጡ ይከብዳታል። ይህ በሽታ አይደለም፣ እንደ ሽበት ያለ ነው፤ ዕድሜ ከሰጠው የሚቀርለት ሰው የለም። ነገሩ ጸሐፊው፣ ሰዓት ሠሪው፣ ልብስ ሰፊውና ሸማኔው ላይ ሲወድቅ ግን እንጀራ ይነካል። የጤና ጣቢያው ሰሌዳ ይህን ችግር ሊያየው አይችልም፤ ለእሱ የተሠራ አይደለምና።

በሁለተኛው ጉዞ አብሬያቸው ሄድኩ። «ዓይኔን አመመኝ» እንዳይሉ መከርኳቸው። እንዲህ አሉ፦ «ሩቅ አያለሁ። ክር መቁጠር አቃተኝ። ሸማኔ ነኝ። እናቴ በስተርጅና ዓይኗ ጠፍቶ ነበር።» አራት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ባለሙያው ቀና ብሎ አያቸውና ሪፈር ወረቀቱን ሳበ። የእናትየው ነገር ለምን እንደረዳ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሪፈሩ ወዴት እንደሚጻፍ የሚወስነው ጤና ጣቢያው ነው፤ ቅርበት ብቻውን አይወስነውም። ጋሼ ከቤታቸው ቀና ሲሉ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ከላያቸው ነው፤ ድሮ የሳንባ ነቀርሳ መታከሚያ፣ ዛሬ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። ለዓይን ግን የከተማችን ሰው ሁለት ስም ይጠራል።

አንዱ እዚሁ ጉለሌ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ፣ ሙሉ ስሙ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ፓስተር ከምንለው ከኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1961 ዓ.ም. በጀርመን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ርዳታ ሲያሠሩት ለድሃ እንዲሆን ነበር። የሕክምና ትምህርቱ በሚሌኒየሙ ሲጀመር ስሙ ረዘመ። የዓይን ክፍሉ ያክማል፣ የዓይን ስፔሻሊስትም ያሠለጥናል።

ሌላው የካ ክፍለ ከተማ ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ከጀመሩት ሥራ የበቀለ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። «ምኒልክ» ሲባል አዲስ አበቤ ሁለት ነገር ይታወሰዋል፤ አንዱ የአስከሬን ምርመራው፣ ሌላው ዓይን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት የሚሰጠው እዚያ ነው። በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ የተቋቋመውም እዚያው ግቢ ነው፤ ሰው ከሞተ በኋላ የዓይኑን መስታወት የመሰለ የፊት ሽፋን ለሌላ ሰው እንዲያወርስ። ከሽሮ ሜዳ ለሚነሣ ሰው ወደ ስድስት ኪሎ ወርዶ፣ ታክሲ ቀይሮ፣ ማለዳ ካልደረሰ ካርድ ክፍሉ ደጃፍ መሰለፍ ነው።

እዚያ ከተደረሰ በኋላ የሚያጋጥሙት ሰዎች ሁሉ «ዶክተር» ይባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የዓይን ነርሱ መጀመሪያ ለክቶ ይመዘግባል። ኦፕቶሜትሪስቱ የመነጽር ቁጥር የሚያወጣ፣ የዕይታን ጉድለት የሚመረምር ባለሙያ ነው፤ በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሚታወቅባቸው ትምህርቶች አንዱ ይኸው ነው። የዓይን ስፔሻሊስቱ ደግሞ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ በላዩ ዓይንን ለዓመታት ያጠና፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ነው። መነጽር ቤቱ ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሶ የሚቀበለን ሰው ከሦስቱም ላይሆን ይችላል። አብዛኛው ሰው ስፔሻሊስት ይፈልጋል፤ ጋሼን የጠቀማቸው ግን ኦፕቶሜትሪስት ነው። ወረፋ ላይ ተቀምጠን «ዋናው ዶክተር ካላየኝ» ብለን የምናጉረመርም ሰዎች ይህን ብናውቅ ለራሳችንም ለወረፋውም ይሻል ነበር።

ታዲያ ለመነጽር ቁጥር ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ መንገድ ምን አደከመን? የጋሼ እናት የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው «ክር አልታይ አለኝ» ሲል ዘጠኝ ጊዜ የዕድሜ ነገር ቢሆን አሥረኛው ላይ ሌላ ነገር ተደብቆ ይገኛል። ግላኮማ የዓይን ውስጥ ግፊት ነርቩን ቀስ እያለ የሚገድልበት በሽታ ነው። አያምም፣ አያቀላም። ከጎን በኩል ያለውን ዕይታ መጀመሪያ ስለሚወስድ ሰውየው ግማሹን አጥቶም ፊት ለፊት ያለውን ሰሌዳ አንድም ሳይስት ያነባል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በየቀኑ በሚንጠባጠብ መድኃኒት፣ ለምሳሌ በቲሞሎል፣ ማቆየት ይቻላል። በቤተሰብ ስለሚሄድ እናቱ ወይም ወንድሙ ዓይኑ የጠፋበት ሰው ግፊቱን ሳይለካ መነጽር ገዝቶ መቀመጥ የለበትም። ስኳር ያለበት ሰውም እንዲሁ ነው፤ ምንም ሳያመው በዓመት አንድ ጊዜ የዓይኑ የኋላ ግድግዳ መታየት አለበት። ለእነዚህ ሁለቱ መድኗ ዋጋዋን ታወጣለች፤ ሕክምናቸው ዕድሜ ልክ ነውና።

ሞራ ደግሞ አለ። በ1998 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የተካሄደው የዓይን ጥናት ከመቶው ሕዝብ 1.6ቱ ዓይነ ስውር፣ 3.7ቱ ዕይታው የደከመ መሆኑን አገኘ። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሹን፣ በትክክል 49.9 በመቶውን፣ ያመጣው የዓይን ሞራ ነው፤ ትራኮማ፣ ገጠሬው ዓይነ ማዝ የሚለው፣ 11.5 በመቶ። ሞራ ማለት ያቺው ሌንስ መደፍረሷ ነው፤ በጠብታም በቅባትም አይጠራም፣ ወጥታ በምትኳ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ሰው ሠራሿ ሌንስ የተገኘችው በጦርነት ምክንያት ነው። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረባቸውን አብራሪዎች ሲያክም ፕላስቲኩን ዓይናቸው እንዳልተቆጣው ልብ አለ፤ በ1949 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ዓይን ውስጥ ተከለ። ባልደረቦቹ ለዓመታት አብጠለጠሉት። ዛሬ ምኒልክ ወይም ጳውሎስ ሞራ ተነሥታ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ የልጅ ልጇን ፊት የምታይ አሮጊት የዚያ ሰው ባለዕዳ ናት። ለሞራ ቀጠሮ ሲያዝ ግን አንድ ጥያቄ በጊዜ ይጠየቅ፦ «ሌንሱና የቀዶ ሕክምናው ዕቃ ሁሉ በመድኑ ውስጥ ነው፣ ወይስ የምገዛው ነገር አለ?» መልሱን በቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት መስማት ጥሩ አይደለም።

ከዚያው ጥናት ሌላም ቁጥር ልጥቀስ፤ ወደ ጋሼ የሚመልሰኝ እሱ ነው። ዕይታቸው ከደከመባቸው ሰዎች ሲሶው፣ 33.4 በመቶው፣ የጎደላቸው መነጽር ብቻ ነበር።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ከደረጃው ውጪ ስላሉት ነገሮች ትንሽ ልበል። ዓይን ውስጥ ኖራ፣ ሲሚንቶ ወይም የባትሪ አሲድ ከገባ ስለ መድንም ስለ ሪፈርም አይታሰብም፤ በየሰፈሩ ግንባታ ባለበት በዚህ ዘመን ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። መጀመሪያ በተገኘው ንጹሕ ውኃ ሳይቆረጥ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ድንገት የጠፋ ዕይታ፣ የተወጋ ዓይን፣ ከከባድ ራስ ምታትና ማስመለስ ጋር የቀላ ዓይንም እንዲሁ ናቸው። ሌላው የጠብታ ነገር ነው። ጎረቤት «ለእኔ ፍቱን ነበር» ብሎ የሚሰጠው ብልቃጥ ውስጥ ዴክሳሜታዞንን የመሰለ መድኃኒት ካለ መቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል፤ ሲዘወተር ደግሞ ግፊትና ሞራ ያመጣል። የሚጨመቅ ቅጠል ከዚህ ይብሳል፤ ዓይን ላይ ጠባሳ የሚተው አለ።

ጸበሉንም ሳልነካው ባልፍ የጉለሌ ሰው አይምረኝም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትና ሽንቁሩ ሚካኤል ለዓይኑ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ጋሼም ወጥተዋል። እኔ የማየው ችግር ጸበሉ ሳይሆን «ወይ እሱ ወይ ይሄ» የሚለው አመል ነው። ግላኮማ ያለበት ሰው ጠብታውን አቋርጦ ሰባት ቀን ከሰነበተ ነርቩ ሱባዔውን አይጠብቅለትም። ጸበልተኛው ብልቃጡን በኪሱ ይዞ ቢወጣ የሚከለክለው የለም።

የወረቀቱ ነገር ደግሞ አሰልቺ ነው፣ ግን ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። መታወቂያዋ የዓመት ናት፤ የእድሳቱ ወቅት ካለፈ የሪፈር ወረቀቱ ብቻውን ምንም አያደርግም። የቤተሰቡ አባል ሁሉ ስሙና ፎቶው መመዝገብ አለበት፤ ከገጠር የመጣችው የእህት ልጅ ቤት ውስጥ ስላለች ብቻ መድን ውስጥ አትገባም። መታወቂያው ላይ «ወልደ» ተብሎ ሪፈሩ ላይ «ወ/» የተጻፈ ስም አንድ ሙሉ ቀን ሲያስመልስ አይቻለሁ። ማህተም ያልተመታበት ሪፈር ወረቀት እንጂ ሪፈር አይደለም፤ ከጤና ጣቢያው ደጅ ሳይወጡ ገልበጥ አድርጎ ማየት ነው። መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ከጠፋ ደግሞ ፊት ለፊት ወዳለው የግል ፋርማሲ ከመሮጥ በፊት የመድን ክፍሉን መጠየቅ ይገባል፤ ከከተማው ከነማ መድኃኒት ቤቶች በመድን የሚገኝበት አሠራር አለና። በራስ ገንዘብ ገዝቶ በኋላ «መልሱልኝ» ማለት ከሕመሙ ይብሳል።

ጋሼ ይህን ሁሉ አለፉ። ግፊታቸው ተለካ፣ ደህና ነው። የዓይናቸው የኋላ ግድግዳ ታየ፣ ደህና ነው። ሞራ ገና አልጀመራቸውም። ኦፕቶሜትሪስቱ የጥለት ክር የሚያህል መስመር እያሳየ ሌንስ ቀያየረላቸውና ቁጥር ጻፈ፦ ሁለት ዓይን፣ ለቅርብ፣ ፕላስ ሁለት። አንድ ሳንቲም አልከፈሉም። ወረቀቷን ይዘው «ይኼንንስ የት ነው የምቀበለው?» አሉ።

የትም። መነጽር መድኑ ውስጥ የለም። ከጥቅል አገልግሎቱ ውጪ ከሆኑት መካከል፣ ከሰው ሠራሽ ጥርስና ለመልክ ተብሎ ከሚሠራ ቀዶ ሕክምና ጋር ተቆጥሮ ተቀምጧል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ብሪታንያ በ1948 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ዜጋ ነፃ የሆነውን የጤና አገልግሎቷን ስትከፍት መነጽርም ነፃ ነበር። ለዓመታት ተደናብሮ ሲኖር የነበረው ሕዝብ ጎርፎ ወጣና በጀቱ ተናጋ። በ1951 መንግሥት ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ክፍያ ሲጥል አገልግሎቱን የመሠረተው ሚኒስትር አናይሪን ቤቨን «በዚህስ አልስማማም» ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ። በመነጽር ምክንያት ከሹመት የወረደ ሰው ሌላ ቦታ ስለመኖሩ አልሰማሁም፤ አከብረዋለሁ። የአሜሪካው የአረጋውያን መድን ሜዲኬርም እስከ ዛሬ ለተራ መነጽር አይከፍልም፤ የሚሰጠው ሞራ ተነሥቶ ሌንስ ለተተከለለት ሰው ብቻ ነው። ምክንያቱ የትም አንድ ነው፦ ፈላጊው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ሒሳቡ ያስፈራል።

ሒሳቡ ግን ሌላም ወገን አለው። ሕንድ አሳም ውስጥ አርባ ዓመት ያለፋቸው 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ተወስደው ለከፊሎቹ የቅርብ መነጽር ተሰጠ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መነጽር ያደረጉት የሚለቅሙት ቅጠል ካላደረጉት በ21.7 በመቶ በልጦ ተገኘ። በ2024 ደግሞ ከባንግላዴሽ ገጠር ሌላ ውጤት ወጣ፤ ልብስ ሰፊና የእጅ ባለሙያ የመሳሰሉ ዓይናቸውን ለቅርብ ሥራ የሚጠቀሙ 824 ሰዎች ነበሩበት። መነጽር ያገኙት በስምንት ወር ውስጥ ገቢያቸው ካላገኙት በ33.4 በመቶ ከፍ አለ። የተሰጣቸው የረቀቀ ነገር አልነበረም፤ መንገድ ዳር የሚሸጠውን የመሰለ ተራ የንባብ መነጽር ነው። በጤናው ዓለም ይህን ያህል በርካሽ ይህን ያህል የሚመልስ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ሐኪሞች የማይወዱትን አስተያየት ልስጥ። ዓይኑ ተመርምሮ «የዕድሜ ነው» የተባለ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ እኩል የሆኑ፣ ሩቅ ደህና የሚያይ ሰው ቁጥሩን ይዞ ያንኑ ቁጥር ከመንገድ ዳር ቢገዛ ምንም አይሆንም። በሽታ አያመጣም፣ ዓይንም አያደክምም። ስህተቱ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው፤ ሳይመረመሩ ገዝቶ፣ «አየሁ» ብሎ፣ ግላኮማውን ከነመነጽሩ ይዞ መቀመጥ። አንድ ዓይኑ ከሌላው የሚለይ፣ ሩቅም የሚያስቸግረው ወይም ልጅ የሆነ ግን በልኩ የተሠራ መነጽር ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ለአዲስ አበባ ጤና ቢሮና ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። ሁሉንም ዓይነት መነጽር መድኑ ውስጥ አስገቡ አልልም፤ ብሪታንያን ያየ ይፈራል። የቅርብ ማያ መነጽር ግን ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ያሉት፣ በካርቶን ሊገዛ የሚችል፣ እንደ ፓራሲታሞል ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት ሊታደል የሚችል ዕቃ ነው። ከሹካው ሰሌዳ አጠገብ ክንድ ርቀት ላይ የሚያዝ አንድ የቅርብ ሰሌዳ፣ ለአንዲት ነርስ የሁለት ቀን ሥልጠና፣ አንድ መሳቢያ መነጽር። ከሽሮ ሜዳና ከቀጨኔ ቢጀመር የት እንደሚያስፈልግ ማንም አይከራከርም። ያን ጊዜ ጳውሎስና ምኒልክ ደጃፍ የሚሰለፈውም ሞራና ግላኮማ ያለበት ብቻ ይሆናል።

ጋሼ መነጽራቸውን የገዙት ቅዳሜ ነው። ሰኞ ማታ በራቸው ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገውት የጥለት ክር ይቆጥራሉ። መነጽሩን የገዙበት ገንዘብ ለልጃቸው ለብርድ ብለው አስቀምጠውት የነበረ ጋቢ ዋጋ ነው።